ከመቅመቆ ሥር እስከ እማዬ ባና

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ተከትሎኝ መጣ። «ፕሮፌሰር፣ ከኬሚስትሪ ሌላ ምን ይወዳሉ?» አለኝ። ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ማታ ቤት ስገባ መልሱን ሶፋው ላይ ተጣጥፎ አገኘሁት። የእማዬ ባና ነው፤ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ። መንዝ የተፈተለ፣ መንዝ የተሸመነ። ነጭና ጥቁር ብቻ ነው፤ በጉ የሰጠው ቀለም እንዳለ። ጠርዙ አልቋል። መሃሉ ግን እስካሁን ብርድ አያስገባም።

የበግ ፀጉር እወዳለሁ። ሽታውን እወዳለሁ፣ ሻካራነቱን እወዳለሁ። እንዝርት ላይ ሲሾር ማየት እወዳለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ለእማዬ አዲስ ባና ላሠራላት ወስኛለሁ። በነጩና በጥቁሩ መሃል ወርቅማና ቀይ መስመር ይገባበታል። ቀለሙ ከሱቅ አይገዛም፤ ከሰሜን ሸዋ አፈር ከሚወጣ ሥር ይሆናል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሲታጠብ እንዳይለቅ፣ ፀሐይ ሲያየው እንዳይገረጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ፀጉሩ መጣ። አክስቴ ከመንዝ፣ ከሞላሌ በሁለት ማዳበሪያ ጠቅጥቃ በአይሱዙ ላከችው። ስመዝነው ነጩ 3 ኪሎ፣ ጥቁሩ 2 ኪሎ ተኩል ሆነ። የመንዝ በግ ፀጉር ነው። በጉ ትንሽ ነው፣ ላቱ አጭር ነው፣ ፀጉሩ ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው። ለሹራብ ይኮሰኩሳል። ለባና፣ ለዝተትና ለበርኖስ ግን እንደሱ የሚሆን አላውቅም።

ቀኑን ሙሉ ጭጎጎት ስንለቅም ዋልን፤ እኔ፣ እማዬና ልጄ። የጭጎጎት ፍሬ ዙሪያውን መንጠቆ ነው። ፀጉር ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ልጅ ሆኜ ይሄ የኔ ሥራ ነበር። እማዬ ትፈትላለች፣ እኔ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እለቅማለሁ። «ከሥሩ ያዘው፣ ከጫፉ አትጎትት» ትለኝ ነበር። ዛሬም እንደዚያው አለችኝ። ልክ ናት። ከጫፉ ከተጎተተ መንጠቆው ይሰበርና ግማሹ ፀጉሩ ውስጥ ይቀራል።

ስንለቅም ልጄ የት የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ለተማሪዬም መልስ ይሆነዋልና እዚሁ ልጻፈው። የተወለድኩት ሞላሌ አጠገብ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማርኩ። ዘጠነኛ ስገባ ስንቄን ተሸክሜ ደብረ ብርሃን፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት መጣሁ። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ኬሚስትሪን የወደድኩት እዚያ ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየው ሊትመስ ወረቀት አልቆበት የቀይ ጽጌረዳ አበባ ጨምቆ አመጣ። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት ደመቀ። የአመድ ውሃ ሲጨምርበት ወደ አረንጓዴ ዞረ። ክፍሉ በሙሉ ከወንበሩ ተነሳ። እኔም ከዚያን ቀን በኋላ ሌላ ትምህርት አልታየኝም።

ከዚያ 4 ኪሎ። የመጀመሪያውንም፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዲግሪ የሠራሁት እዚያው ሳይንስ ፋኩልቲ ነው። የኬሚስትሪ ክፍሉ ከዕፀዋት የሚገኙ ውህዶችን በማጥናት ስም ነበረው። ደጋው ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ፣ ቢጫና ብርቱካንማ ሆኖ የሚያብብ ኒፎፊያ የሚባል ተክል አለ። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ከሱ ያገኙትን አዲስ ውህድ በ1984 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ስሙን ኒፎሎን አሉት። የዚያ ውህድ አንዱ ወገን ክሪሶፋኖል ነው። ክሪሶፋኖል ደግሞ መቅመቆ ሥር ውስጥም አለ። የኔ የዶክትሬት ሥራ የበቀለው ከዚህ ነው። ስንት ዓመቴን ከመቅመቆ ሥር ጋር አሳለፍኩ። አንድ ክር ግን ነክሬበት አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አጠባ። አርብ ማታ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጬ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ጠዋት በእጄ ሳማስለው አረፋው ከባልዲው ፈሰሰ።

ለምን በሳሙና አላጠብክም ለምትሉ፦ የበግ ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሳሙናና ሶዳ ያለበት ውሃ ይጎዳዋል፤ ያደርቀዋል፣ ያሰባብረዋል። የእንዶድ አረፋ ግን ሳፖኒን ከሚባል ውህድ የሚመጣ ነው። የእንዶዱን ውሃ አሲድነትንና ቤዝነትን በሚለካው የፒኤች ወረቀት ስለካው 6 ገደማ አሳየኝ፤ ገለልተኛው 7 ነው። የፀጉሩን ስብ ያነሳል፣ ፀጉሩን አይነካም። እናቶቻችን ኩታና ነጠላ በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዶድ ስነካ ሁልጊዜ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስባለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። ይህንን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃውን ያየ ሰው ነው ያን ሁሉ ያስገኘው።

ውሃውን 50 ዲግሪ ላይ አድርጌ ፀጉሩን ቀስ ብዬ አጠለቅኩ። ማሸት የለም። ማማሰል የለም። መጫን ብቻ። ሁለት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቸኮልኩ። የሞቀውን ፀጉር በቀጥታ ቧንቧ ሥር ያዝኩት። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውሃ በረዶ ነው። ፀጉሩ እጄ ላይ ሲኮማተር ተሰማኝ። የእያንዳንዱ ፀጉር ቆዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት፣ በተለይ ከተነካካ፣ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና አይፈታም። 200 ግራም የሚሆን ነጭ ፀጉር እንደ በርኖስ ቁራጭ ድርቅ አለብኝ። እማዬ አላስጣለችኝም። የወንበር መቀመጫ አደርገዋለሁ ብላ ወሰደችው።

የተረፈው አጥር ላይ ደረቀ። ንጹሕ ነው። ሽታው ቀርቷል ማለት አልችልም፤ ደግሞም እንዲቀር አልፈልግም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት በመንደፍና በመፍተል አለፈ። ደጋኑን የጎረቤት አባት አዋሱን። እኔ እነድፋለሁ፣ እማዬ አመልማሎውን እየጠቀለለች ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትፈትላለች። ከፍተኛ ወንበር አትወድም። ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ ሽው ታደርገዋለች። እንዝርቱ ሲሾር ግራ እጇ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ክሩ ከጣቶቿ መሃል እየቀጠነ ይወጣል። ጣቶቿን አታይም። ወሬ እያወራች፣ ቡናውን እየተቆጣጠረች ነው። እኔ ስሞክረው ክሬ አንድ ቦታ ገመድ፣ አንድ ቦታ ጭራ ይሆናል። እንደሷ ለመፍተል ገና ብዙ ቅዳሜ ያስፈልገኛል።

እስካሁን 1 ኪሎ ነጭ ክር አለን።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማስያዣ ነው። ቀለም ብቻውን ፀጉር ላይ አይቆይም። መሃል ላይ ሁለቱንም የሚይዝ ነገር ይፈልጋል። እኔ የተጠቀምኩት አሉም ነው። አሉም ሲሟሟ አሉሚኒየም ይለቃል። አሉሚኒየሙ በአንድ በኩል የፀጉሩን ፕሮቲን ይይዛል፣ በሌላ በኩል የቀለሙን ሞለኪውል ይይዛል። አንድ እጁ እዚህ፣ አንድ እጁ እዚያ።

ለ1 ኪሎ ክር 120 ግራም አሉም። ድስቱ ስቲል ነው። ብረት ድስት ቀለም ያጠቁራል፤ ዝገቱ ዕፀዋት ውስጥ ከሚገኘው፣ አፍ ከሚያጣብቀው ታኒን ጋር ተገናኝቶ እንደ ቀለም ቀንድ ጥቁር ይሆናል። ክሩን ከልቃቂቱ ፈትተን፣ በላላ ጥቅል አድርገን፣ በአራት ቦታ በነጭ ጥጥ ክር ላላ አድርገን አሰርነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ማሞቅ።

ሥራው የተጀመረው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። መብራት ሄደ። ከሰል አያያዝኩ። እንደውም ተሻለኝ። ከሰል ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ አመድ በላዩ ሲነሰነስበት ደግሞ ይረጋል። ቴርሞሜትሩን አንጠልጥዬ 80 እና 85 ዲግሪ መሃል ለአንድ ሰዓት ያዝኩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ለበግ ፀጉር ግን ይሄ በረከት ነው። ድስቱ ቢረሳ እንኳ እንደ ቆላው 100 ዲግሪ ደርሶ አያገነፍለውም።

ክሩን እዚያው ድስቱ ውስጥ ትቼው አደረ። እሳቱ ሲጠፋ ራሱ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። የጥቅምት 16ቱን ስህተት አልደግምም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቅመቆ።

400 ግራም የደረቀ ሥር ከገበያ ገዛሁ። ሻጯ ለደም ግፊት መስሏት አፈላሉን አስረዳችኝ። እናቶች ቅቤ ሲያነጥሩም ጣል ያደርጉታል፤ ቅቤው ወርቅ ይመስላል። ሲሰበር ውስጡ ብርቱካንማ ነው። ጣት ያቀልማል። ወቅጬ በጨርቅ ቋጥሬ ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት። ውሃው መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣ ቆይቶ ጠቆረ። ሽታው ወደ 4 ኪሎ ቤተ ሙከራ መለሰኝ። ያኔ ግን ሽታው ከአሴቶንና ከክሎሮፎርም ጋር የተቀላቀለ ነበር። ለብቻው እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ገና ዛሬ አወቅኩ።

400 ግራም ክር አስገባሁ። አንድ ሰዓት 80 ዲግሪ። ሳወጣው ልጄ «ጤፍ ሲደርስ ይመስላል» አለች። ወርቅማ ነው። ትንሽ ወደ ቡናማ ያደላል። የመጀመሪያው መስመር ተገኘ።

ከዚያ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። የቀረውን የመቅመቆ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ የአመድ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው ቀላ። ቢጫው ጠፋ፣ እንደ ደም ያለ ቀይ መጣ። ይህ ምላሽ የቆየ ነው። እነዚህ ውህዶች አንትራኪኖን ናቸው፤ አሲድ ላይ ቢጫ፣ ቤዝ ላይ ቀይ ይሆናሉ። ሎሚ ስጨምርበት ወደ ቢጫው ተመለሰ። ልጄ አምስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሎሚያችን አለቀ።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ቀዩን ካየሁ በኋላ ልቤ አላረፈም። 50 ግራም ወርቅማ ክር ወስጄ ከምድጃው በወጣ አመድ ባቀረርኩት ወፍራም ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩና ምሳ በላሁ። ስመለስ ክሩ እጅግ ያማረ ቀይ ሆኗል። ሳነሳው ግን ይንሸራተታል። እንደ ተልባ ለዛ አውጥቷል። ሳደርቀው ተበጣጠሰ። ፒኤቹን ሳልለካ ነው የዘፈዘፍኩት፤ በኋላ ስለካው ከ11 በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ቤዝ ኬራቲኑን የሚያስተሳስረውን የሰልፈር ድልድይ ይበጥሰዋል። ለተማሪ ይህን ሳስተምር ስንት ዓመቴ! እማዬ የተበጣጠሰውን ክር አንስታ አየችው፤ ምንም አላለችም። መልሳ ሰጠችኝ። የሷ የአንድ ቀን ፈትል ነበር። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ደግሞም ቀዩ አይቆይም ነበር። የተረፈችውን ትንሽ ቁራጭ ሳለቀልቃት ቀስ በቀስ ወደ ብርቱካንማ ተመለሰች። ቀዩ የሚኖረው ቤዙ እስካለ ድረስ ነው። ሌላ ቀይ መፈለግ አለብኝ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እንሶስላ። ሀሳቡን የሰጠችኝ እማዬ ናት። «እጅ የሚይዝ ነገር በግ አይዝም?» አለች። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የእጃችን የላይኛው ቆዳም የበጉም ፀጉር ኬራቲን ነው። ሂና እጅና ጠጉር ላይ የሚቆየው ውስጡ ያለው ላውሶን የሚባል ውህድ ኬራቲኑን ራሱን ስለሚይዝ ነው፤ ያለ ማስያዣ። እንሶስላ ከሂና የተለየ ተክል ነው፤ ቀለሙም ከሥሩ ነው የሚወጣው። ግን ሴቶቻችን እግርና እጃቸውን ሲያቀሉበት ኖረዋል። መሞከር አለበት።

ሥሩ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ድንች ይመስላል። እማዬ እንደ ልጅነቷ ፈጭታ፣ ለብ ባለ ውሃ አቡክታ፣ ክሩን ውስጡ ጠቀለለችው። በላዩ ኮባ ሸፈነች። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ላይ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ሲታይ ቀይ ቀይ ይላል። ደስ ይላል። የምፈልገው ቀይ ግን አልሆነም።

የፀሐይ ፈተናውንም ዛሬ ጀመርኩ። ከወርቅማውና ከእንሶስላው ጣት የሚያህል ክር ወስጄ ካርቶን ላይ ጠመጠምኩ። ግማሹን በሌላ ካርቶን ሸፈንኩ። ጣሪያ ላይ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። እዚህ ያልገረጣ ቀለም አዲስ አበባም አይገረጣም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጽዮን ናት። ሥራ የለም። እማዬ ድስቱን ሳይቀር ደብቃዋለች።

ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። እኔ በሙያዬ የሠራሁት መለየት ነው። ለዶክትሬቴ 5 ኪሎ የመቅመቆ ሥር ፈጭቼ፣ በአሴቶን አውጥቼ፣ በሲሊካ ጄል ዓምድ ላይ አንዱን ከአንዱ እያላቀቅኩ ወር ከወር ቆሜያለሁ። መጨረሻ ላይ የቀረኝ ጠርሙስ ታች ጥፍር የማትሞላ ቢጫ ክሪስታል ናት። በጣም ታምራለች። የሞለኪውልን አሠራር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኤን ኤም አር አየናት፣ ስሟን አወቅን፣ ወረቀት ጻፍን። በዚህ አልጸጸትም። መለየት ባይኖር መቅመቆ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቅ ነበር?

ግን ዓምዱ አናት ላይ ተጣብቆ የሚቀር ቡናማ ዝቃጭ ነበር። ከታኒን የሚበዛ ነው። ያንን ከሲሊካው ጋር እየጠረግኩ እጥለው ነበር። እንደ ቆሻሻ ነበር የማየው። አሁን ክር ስነክር ደግሞ ያ ታኒን ሥራ ይሠራል። ፀጉሩን ይይዛል፣ አሉሚኒየሙን ይይዛል፣ ቀለሙ እንዳይታጠብ ያግዛል። ንጹሑን ክሪስታል ብቻ ይዤ ብነክር ኖሮ ወርቅማው እንዲህ ላይቆይ ይችላል። ያኔ ጥያቄዬ «ይሄን ከዚያ እንዴት ላላቅቅ?» ነበር። አሁን ጥያቄዬ «እንዴት ሳይላቀቅ ይኑር?» ነው። ያው ሥር፣ ያው ሰው።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ዕለት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ ይህን ነገርኳቸው። አንዷ የሚጣለውን ክፍል እሷ ማጥናት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እንነጋገራለን።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ቀዩ ተገኘ!

ቀይ እንደምፈልግ ለአክስቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። ሐሙስ በፌስታል ቀይ ሥር ላከች። ከአጥሯ ላይ የሚንጠላጠል ሐረግ ነው አለች። ቅጠሉንም አብራ ልካለች። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል፣ ቅጠሉ አራት አራት ሆኖ ዙሪያውን ይወጣል። አየሁና ልቤ ዘለለ። የሩቢያ ወገን ነው።

ሩቢያ ለኬሚስትሪ አስተማሪ የቆየ ዘመድ ነው። አውሮፓ ለብዙ ዘመን ቀይ ጨርቁን የነከረው በሩቢያ ሥር ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር ወይን ጠጅ ቀለም ወጣለት። ሰው ሠራሽ የቀለም ኢንዱስትሪ ከዚያ ጀመረ። በ1868 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግሬቤና ሊበርማን የሩቢያውን ቀይ፣ አሊዛሪንን፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩት። ከዚያ በኋላ የሩቢያ እርሻ ከሰረ። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሥሩን በእጄ ስይዘው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

መቅመቆ ያልሰጠኝን ቀይ ይሄ ለምን ይሰጣል? ሁለቱም አንትራኪኖን ናቸው። ልዩነቱ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው። መቅመቆው ላይ ግራና ቀኝ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሩቢያው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ አሉሚኒየሙን እንደ መቆንጠጫ ግጥም አድርገው ይይዙታል። ቀለሙም ወደ ቀይ ይሳባል። የአንዲት ጥንድ ቦታ መቀየር ነው።

250 ግራም ሥር፣ 250 ግራም ክር። ካልሲየም ቀዩን ስለሚያደምቅ የሦስት እንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ጨመርኩ። ጾም ስለሆነ ቅርፊቱን ከጎረቤት ሙስሊም ወዳጃችን ቤት ነው ያገኘሁት። ሙቀቱን ከ70 ዲግሪ አላሳለፍኩም። ከዚያ ካለፈ ከሥሩ ውስጥ ቡናማው ይወጣና ቀዩን ያቆሽሸዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ከድስቱ አልተነሳሁም። 64፣ 66፣ 69፤ ትንሽ አመድ። 65፤ ትንሽ ከሰል። ክሩን በእንጨት ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ በየጊዜው አነሳዋለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሮዝ ነበር። ቆይቶ የበሰለ ኮክ መሰለ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ጨለም እያለ መጣ። አድሮ ጠዋት ሲወጣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ክሩን አጥሩ ላይ ሰቀልኩት።

ቀይ ነው። የጡብ ቀይ፣ ሞቅ ያለ። እማዬ ወጥታ ነካችው። «ይሄ እንኳ ይቆያል» አለች። በምን እንዳወቀች አልጠየቅኳትም።

ከሱም ቁራጭ ጣሪያ ላይ ወጣ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

እጥበት። ሦስቱንም ከነጭ ጥጥ ጨርቅ ጋር ሰፍቼ፣ 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በልብስ ዱቄት ሳሙና ግማሽ ሰዓት። ወርቅማው ነጩን ጨርቅ በጣም ትንሽ ነካው። እንሶስላው ምንም። ቀዩም ምንም። ሁለተኛ ስደግመው ወርቅማውም ተወ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ካርቶኖቹን አወረድኩ። ወርቅማውና እንሶስላው 42 ቀን፣ ቀዩ 27 ቀን ጣሪያ ላይ ኖረዋል። መስኮት አጠገብ ቆሜ ሽፋኑን ገለጥኩ።

እንሶስላው ገርጥቷል። የተሸፈነው ቡናማ ቀይ ነው፣ ያልተሸፈነው የደረቀ ቅጠል መስሏል። እጅ ላይ በሳምንታት ስለሚለቅ ይህን ያህል ዘመን እንዲቆይ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ባናው ላይ አይገባም። ልጄ መሃረብ ልትሠራበት ወስዳዋለች። ወርቅማው ጥቂት ቀለል ብሏል። መስመሩን ለማየት ክሩን ወደ ብርሃን ማዞር ነበረብኝ። ይሄ ይበቃኛል። ቀዩ ላይ መስመር ፈለግኩ። ልጄንም ጠራኋት። አላገኘንም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሸማኔው ዘንድ ሄድኩ። መንዝ ተወልደው ደብረ ብርሃን ዳር የሚኖሩ አባት ናቸው። እጃቸው ትልልቅ ነው። ቀዩን ክር ተቀብለው መጀመሪያ ጎተቱት። ከዚያ በምራቃቸው አርሰው ነጠላቸው ጥለት የሌለበት ጫፍ ላይ በኃይል አሹት። ነጠላውን አዩ። ምንም የለም።

«መምህር፣ ምን አድርገውበት ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሥር ነው። ከአክስቴ አጥር።»

«ከሱቁ ቀለም አልገባበትም?»

«አልገባበትም።»

ደግመው አሹት። ከዚያ ክሩን በጣትና በአውራ ጣታቸው መሃል እያሳለፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ሁለት ቦታ ላይ ቆሙ። ሁለቱም ቦታ እኔ የፈተልኩት ነው። «ይሄ ድር አይሆንም፤ ይበጠሳል። ማግ ይሁን። ድሩን ጥቁሩን አደርገዋለሁ፤ የእናትዎ ፈትል ጠንካራ ነው» አሉ። ተስማማን። ወርቅማውን ሰፊ፣ ቀዩን ቀጭን አድርገው በሁለቱ ጫፍ በኩል ሊያስገቡት ነው። ለጥምቀት አይደርስም። ለጥር ማርያምም አይደርስም። ለዓቢይ ጾም መግቢያ አሉኝ።

ስለ ሥሩ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። አክስቴ ከአጥሯ የቆፈረችው ሥር ያንን ሐረግ ግማሽ አሳጥቷታል። ሥር የሚወሰድበት ተክል እንደ ቅጠል ነገ አይተካም፤ ሩቢያ ለቀለም የሚደርስ ሥር ለማውጣት እስከ 3 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ከላከችልኝ ውስጥ እንቡጥ ያላቸውን አምስት ቁራጭ ለይቼ ነበር። ከጓሮ፣ በጎመኑና በአጥሩ መሃል፣ ውርጭ እንዳይነካቸው ጭድ አልብሼ ተከልኳቸው። ሁለቱ ደርቀዋል። ሦስቱ ቡቃያ አውጥተዋል። ሌላ ከመቆፈሬ በፊት እነዚህ ይድረሱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ 350 ግራም ገደማ ወርቅማና 250 ግራም ገደማ ቀይ ለሸማኔው አደርሳለሁ። ጥቁሩ 900 ግራም ይጎድላል። እማዬ አሁን እየፈተለችው ነው።